የፍቅረማርያም ኮፍያ እና የጉራራ ዳገት

ባሌ ፍቅረማርያም ብዙ አያወራም። እኔ አስካለች የሁለታችንንም ድርሻ ስለምጨርሰው ይመስለኛል። ሠላሳ አራት ዓመት በክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የማንም ፋይል በእጁ ጠፍቶ አያውቅም፤ ቤቱ ሲገባ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ግማሽ ቀን ሲፈልገው ይውላል። ስለ እሱ ላወራችሁ ተነስቼ ከጉልበቴ ልጀምር ነው፤ ምን ላድርግ፣ ነገሩ የመጣው ከጉልበቴ ነው።

ቤታችን ጉራራ ነው። ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ ማዞሪያ ሽቅብ ወጥታችሁ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከመጀመሩ ትንሽ በፊት። አባቴ የሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ እስከ ዛሬ የምተኛው የተወለድኩበት ክፍል ውስጥ ነው። የምሠራው ደግሞ ታች ፈረንሳይ፣ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በሰፈሩ ግራጫ ሱሪ ለብሶ የሚሮጥ ልጅ ካያችሁ ሱሪው የእኔ እጅ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ቶሎ ከተቀደደ ግን እሱ የልጁ ጥፋት ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለ። ጠዋት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እወርዳለሁ። ሥራ ጨርሼ ሽቅብ መመለሱ ነው ጉዱ። ባጃጅ እንዳልሳፈር በእኛ ጠባብ ኮብልስቶን ባጃጅ አይገባም። ፍቅረማርያም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስፌት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኝና ቦርሳዬን ይዞልኝ አብረን እንወጣለን፤ ሰባት ቦታ እያረፍን። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች እንኳን «አይዞሽ እናቴ» ይሉኝ ጀመር። ያን ሁሉ ሸክም ጀርባቸው ላይ ይዘው እኔን ሲያጽናኑ አስቡት። አፈርኩ።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ማዘር፣ ዳገት ይቅርብዎት» አለኝ። ጉራራ የሚኖርን ሰው ዳገት ይቅርብህ ማለት አትተንፍስ ማለት ነው።

ይህን የሰማች ልጃችን እየሩስ በሳምንቱ መጣች። ያለችን እሷ አንድ ናት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አላት፤ ምድር ቤት፣ አንድ ደረጃ እንኳን የሌለው። ተከራዩ ሊለቅ ነው። «ለሰኔ ሚካኤል ትገባላችሁ፣ አለቀ» ብላ ቁልፉን አሳየችን። ልጄ ክፉ አይደለችም። ክረምት ሲገባ ያ ኮብልስቶን እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት ታውቃለች፤ ወድቄ እንዳልሰበር ፈርታ ነው። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ስፌቴ እዚህ፣ ዕድሬ እዚህ፣ ጠዋት በሬን ስከፍት ከሥሬ ተዘርግቶ የማየው ከተማ እዚህ። አባዶ ማን አለኝ?

«በስልሳ ዓመቴ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ አልጋ ጠርዝ ላይ ልቀመጥ?» ብዬ አለቀስኩ፤ እየሩስ ከሄደች በኋላ። ሲወጣልኝ ዞር ብዬ ፍቅረማርያምን ባየው እሱ የሚያየው እኔን አይደለም። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን አሮጌ ሳይክሉን ነው።

«አንተ ሰውዬ! እኔ ከቤቴ ልነቀል ነው፣ አንተ ሳይክል ታያለህ?»

«እያሰብኩ ነው» አለ።

የዚያን ሳይክል ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጠዋት ከኪዳነ ምሕረት ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ፣ በሩ ፊት ለፊት፣ ዳገቱ ከሁሉ ይበልጥ ቀጥ በሚልበት ኩርባ ላይ፣ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ሳይክሉን አቁሞ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እኔ ቂሏ ለእኔ መሰለኝና «እንደምን አደርክ» ብዬ ጎንበስ አልኩለት! ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። ለካ ልጁ ቤተ ክርስቲያኑን እየተሳለመ ነው። አፍሬ ነጠላዬ ውስጥ ልደበቅ ስል፣ እሱ ፊቱ በርበሬ መስሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። በማግስቱም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት ቆሞ አገኘሁት። እንዲህ እንዲህ ሲል ተጋባን።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ «ያን ቀን ኮፍያህን ያወለቅከው ለእመቤቴ ነው ለእኔ?» እለዋለሁ። «ተይ እባክሽ አስካሉ» ይላል። ከዚህ ሌላ መልስ ወጥቶት አያውቅም። እኔም መልሱን ስለማውቀው እስቃለሁ፤ ማን ከእመቤቴ ጋር ይወዳደራል ብላችሁ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «እያሰብኩ ነው» ያለው ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየለት። በኤሌክትሪክ ሳይክል ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች አሉ አይደል? አንዳቸው ፈረንሳይ ብቅ ካሉ ፍቅረማርያም መሀል መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ ያስቆማል። «ልጄ፣ ዳገት ይወጣል? ሁለት ሰው ጭኖስ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ዝናብስ?» ልጆቹ ምግብ እየቀዘቀዘባቸው ይመልሱለታል። በሕይወቱ እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም፤ ቀናሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ቀን ደግሞ መገናኛ ለጉዳይ ሄደን፣ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ጋ ስንደርስ ቆመ። «ውጪ እስቲ አንዴ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ሐኪሙ ብሏል። ለጉልበትሽ።»

ሐኪሙማ ብሎ ከሆነ ብዬ ወጣሁ። ቁጥሩን አየ፣ ዞር ብሎ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ላከ። ከዚያ እጄን ይዞ ከመገናኛ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ወሰደኝ። ሀዊ የምትባል ልጅ ነች የምትሠራበት። ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን በስካርፍ ጠቅልላ አንድ ጎማ ላይ አቀርቅራለች። ሳይክል አምጡላት፣ ሞተርና ባትሪ ገጥማ ትሰጣችኋለች። ቀና ብላ አየችንና በጣም ደስ እያላት፣

«እንኳን መጣችሁ! ማዘር፣ ሰማንያ ሦስቱ ኪሎ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ፍቅረማርያም የጋራዡን ጣሪያ ማየት ጀመረ። እኔ እዚያው መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። አርባ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ኪሎዬን በመንገድ ዳር ሚዛን ሰርቆ ለማላውቃት ልጅ! ቤት እስክንገባ አላናገርኩትም፤ ልጅቷን ግን አናገርኳት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ሀዊ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየችን። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ትንንሽ ጎማ ያለው ሳይክል ነበራት፤ ለሜዳ እንጂ ለጉራራ አይሆንም አለች። ከጋራዡ ጀርባ ያለች ትንሽ ዳገት ላይ ሁለታችንን አስቀምጣ ሞከረችው፤ መሀል ላይ ሲደርስ እንደ ደከመ አህያ ቀጥ አለ። የፊት ጎማ ላይ የሚገጠም ሞተርም ነበር። እሱን ደግሞ ራሷ አልወደደችውም። «ከባዱ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ፊቱ ይቀልና እርጥብ ድንጋይ ላይ ይሽከረከርባችኋል። የሚገፋው ክብደቱ ያለበት ጎማ መሆን አለበት» አለች። ክብደቱ ማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል። በመጨረሻ የፍቅረማርያም አሮጌ ሳይክል ላይ፣ የኋላው ጎማ ውስጥ ጠንካራ ሞተር እንዲገባ ተስማሙ። በማግስቱ ሳይክሉን ስንወስድላት ብረቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጋ «እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ የለም» ስትለው ባሌ ልጁ የተመረቀችለት ያህል ፈነደቀ።

ፍቅረማርያም ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ለማስተከል ሦስት ዓመት ሲያጠራቅም ነበር። ያቺን ገንዘብ ለሀዊ እንደሰጣት የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጮህኩበት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ፣ ከተረፈ የዩኒፎርም ጨርቅ ለኋላ መቀመጫዬ ወፍራም ትራስ ሰፋሁ፤ ለባትሪው ሳጥን ደግሞ የዝናብ ልብስ። ምን ላድርገው፣ አንጀቴን በላው።

ሳይክሉን ስትሰጠን ሀዊ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀች። «ፋዘር፣ ዳገት ላይ መቆም የለም። ከታች ሜዳው ላይ ተነስተው፣ እርስዎም ፔዳሉን እያገዙት፣ በዚያው ቤትዎ። እየሄደ ከሆነ ይወጣል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት መሀል ከቆመበት ሲነሳ ግን ሽቦው ይቃጠላል።» የመዝገብ ቤት ሰው አይደል፣ «ዳገት ላይ አይቆምም» ብሎ በወረቀት ጽፎ፣ በፕላስተር መሪው ላይ ለጠፈው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስፌት ቤቱ በር ላይ ሳይክሉን ይዞ ጠበቀኝ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ያያል። ወገቡን ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ቀላቅዬ ተሳፈርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው! ሰባቱ የማርፍባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ አለፉኝ። ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣ፣ ሽንጡን ያጣበቀ ልብስ የለበሰ አንድ ጎረምሳ ውድ ሳይክሉ ላይ በላብ ተጠምቆ ሲንፈራፈር በጎኑ አለፍነው። «በርታ ልጄ» አልኩት። ልጅነቴ ተመለሰ።

ለእየሩስ በስልክ ነገርኳት። «እስቲ ክረምቱ ሲገባ እናያለን» አለች። ቁልፉ ግን ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ነገረችኝ።

ባሌ የሀዊን ትእዛዝ እንዴት እንደጠበቀ ብታዩ! ጎረቤታችን ዲንቄ ደጃፏ ላይ ሆና በየቀኑ «እንደምን ዋላችሁ!» ትላለች። እሱ ፊቱን እንኳን ሳያዞር እልፍ። እኔ ከኋላ ሆኜ «አንቆምም ዲንቄ፣ ሞተሩ ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ። አኮረፈች። በሠፈሩ ሁሉ «ሳይክል ገዝተው ሰው ናቁ» ተባልን። እናም ያን ሁሉ ችለን በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ቤታችን ሊደርስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው፣ የሆነ ነገር ሸተተኝ።

«ደግሞ የማን ወጥ ነው ያረረው?» አልኩ።

ከሥሬ ጭስ ወጣ። ሳይክሉ አንድ ጊዜ አቃሰተና ጸጥ አለ። ልወርድ ብዬ ቸኩዬ ቀኝ እግሬን አጣምሜ ረገጥኩና ጉልበቴ እንደ ዳቦ አበጠ። አምስት ቀን ከስፌት ቤት ቀረሁ። እየሩስ መጥታ ጉልበቴን አየች፣ ሳይክሉን አየች፣ ለአባቷ አንድ ቃል ሳትናገር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሱም ቁልፉን እያየ እንደተቀመጠ ዋለ። እንዲያ አንገቱን ደፍቶ ከማየው ቢጮህ በወደድኩ።

ሀዊ ጎማውን ፈታችው። ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ፋዘር፣ ዳገት መሀል ላይ እየቆማችሁ ነው የምትነሱት» አለች። «ይሄ ቃጠሎ የዚያ ነው። አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ።»

«በፍጹም» አለ ፍቅረማርያም። ከዚያ ከሚዛኑ ቀን በቀር ውሸት አያውቅም፤ ልጅቷም ከፊቱ አየችው። «ለዲንቄ እንኳን አልቆምኩም።»

«ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አኩርፋናለች!» አልኩ እኔ ደግሞ ሽንጤን ገትሬ። «ኪዳነ ምሕረትን! የትም ቆመን አናውቅም!»

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ አመነችን። ጥፋቱ የእሷ መሰላት፣ እንቅልፍ አጣች። ሽቦውን ሁሉ አውጥታ በራሷ እጅ እንደገና ጠቀለለችው። «ሁለተኛ ከተቃጠለ ግን ይሄ ሞተር አለቀለት። ስለዚህ ራሴ አብሬያችሁ ወጥቼ ማየት አለብኝ» አለች። የግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጉልበቴ ሲሻለው፣ ከፈረንሳይ ተነሳን፤ እኛ ከፊት፣ ሀዊ በራሷ ሳይክል ከኋላ።

እየወጣን ነው። ዲንቄን አለፍን። ኩርባው ላይ ደረስን፤ እንደ ወትሮው። ከኋላችን ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፤ ሀዊ ልትገጨን ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«ፋዘር! ምን ሆናችሁ?»

ፍቅረማርያም ዞረ። ሁለት እግሩ መሬት ላይ ነው፣ ኮፍያው እጁ ውስጥ ነው። «ምን ሆንን?» አላት።

«ቆማችሁ!»

«አልቆምንም» አለ። እኔም ገና እያማተብኩ ነበር።

ሀዊ እኛን አየች። የቤተ ክርስቲያኑን በር አየች። እኔ ፍቅረማርያምን አየሁት፣ እሱም መሪው ላይ የለጠፈውን ወረቀት አየ። እናንተዬ፣ እዚያ በር ላይ ቆመን ነው ለካ በየቀኑ! ከሁሉ ቀጥ ያለው ዳገት ላይ! የቆምን አልመሰለንማ። ሰው ሲተነፍስ ተነፈስኩ ብሎ ይቆጥራል? በእሷ ስም መማሌ ትዝ ሲለኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ሀዊ ጴንጤ ናት፤ እኛን ላለማስቀየም ሳቋን ልትውጥ ብትታገል አቃታት፣ ሳይክሏ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ፍቅረማርያም ብቻ አልሳቀም።

«ታች ሱቁ ጋ ሜዳ አለ። እዚያ ቆማችሁ ተሳለሙ፣ እዚህ ሳትቆሙ እለፉ» አለች ሀዊ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«በሯ ላይ ደርሼ?» አለ ፍቅረማርያም ቀስ ብሎ። «ዝም ብዬ ልለፍ?»

የዚያን ቀን ሳይክሉን እየገፋን ገባን። ከዚያ በኋላ ቀናት አለፉ፤ ሳይክሉ ከግድግዳው አልወረደም። ሥራ ስጨርስ እንደ ድሮው በእግሩ መጥቶ ይወስደኛል፤ የምናርፍበት ቦታ አሁን ዘጠኝ ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሳይክሉን ይዞ ወጣ። ዲንቄ ኩርፊያዋን ትታ እየሮጠች መጣች፦ «ባልሽ ምን ነካው? አራት ጊዜ ወርዶ አራት ጊዜ ወጣ፣ አራት ጊዜ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ቆመ። ሲቆም ደግሞ በራሱ ይናደዳል።»

ገባኝ። ሊያልፍ እየሞከረ ነው። እግሩ እምቢ አለው። ኮፍያውን በአንድ እጁ አውልቆ እንዳያልፍ፣ በዚያ ዳገት መሪውን በሁለት እጅ ካልያዙት አይሆንም። ሲመለስ እግሩን ሊታጠብ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ፍቅሬ፣ ተወው» አልኩት። «አባዶ እንሂድ። ከልጅነትህ ያላለፍካትን እመቤቴን በእኔ ጉልበት ምክንያት እንድታልፋት አልፈልግም። እለምደዋለሁ።»

እግሩን ከውሃው ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«አልጋ ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ስትቀመጪ ልይሽ?» አለ። ያኔ ያልኩትን ቃል በቃል ይዞታል። «አላይም። እመቤቴ ማንን ጭኜ እንዳለፍኩ ታያለች። ሰኞ እንወጣለን።»

ሰኞ የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነበር። እየሩስ ልብሳችንን በካርቶን ልታስገባ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ ቤታችን በር ላይ ቆማ እንደምትጠብቀን አውቀናል። ሱቁ ጋ ያለው ሜዳ ላይ ቆምን። ፍቅረማርያም ኮፍያውን አውልቆ፣ ወደ ላይ ወደ ጉልላቱ ዞሮ ረጅም ጊዜ ተሳለመ። ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። «ያዢኝ» አለ።

ተነሳን። ሞተሩ ደህና ነው፣ እሱም ፔዳሉን እያገዘው ነው። ኩርባው ላይ ስንደርስ ጀርባው እንደ ጣውላ ደረቀ። ጆሮው ቀላ። ሁለት እጁ መሪውን ጨምድዶ ዓይኑ ከፊት ከፊት ብቻ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ግን ሊነሳ ሊነሳ ይላል፣ ከልጅነቱ የለመደው እጅ ነዋ። ጎማው ቀስ ማለት ጀመረ። ሊቆም ነው አልኩ በሆዴ።

አስቤ ያደረግኩት አይደለም። ወገቡን በግራ እጄ እንደያዝኩ ቀኝ እጄን ዘረጋሁና ኮፍያውን ከራሱ ላይ አነሳሁለት።

ነጭ ጸጉሩ በነፋስ ተበተነ። ራሱን ዝቅ አደረገ። ጎማው አልቆመም። እኔ ኮፍያውን በያዘው እጄ ለሁለታችንም አማተብኩ። እንጨታቸውን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አስደግፈው ያረፉት ሴቶች አዩን፤ አንዷ «እሰይ!» ስትል ሰማኋት። በሩን እስክናልፍ ኮፍያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ ከዚያ መልሼ አጠለቅኩለት፣ ትንሽ ተጣሞ።

ዳገቱ ለቀቅ ሲል ጀርባው ሲለሰልስ ተሰማኝ።

«አስካሉ» አለ ፊቱን ሳይመልስ።

«አቤት።»

«ያን ቀን ኮፍያዬን ሁለት ጊዜ ነው ያወለቅኩት።»

«የቱን ቀን?»

«መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን። ለእመቤቴ ያወለቅኩት አንቺ ገና ከበሩ ሳትወጪ ነው። አጥልቄው ልሄድ ስል ወጣሽ።»

ሌላ አልጨመረም። መቼም ሲበዛለት ነው። አርባ አንድ ዓመት! አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ራሴን ቂል እያልኩ፣ እሱ ይህን በሆዱ ይዞ! ጀርባውን በጡጫ መታሁት። ከዚያ ግንባሬን እዚያው ጀርባው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ ስቄም ነበር፣ የቱ እንደበለጠ አላውቅም።

የቤታችን በር ላይ ስንደርስ እየሩስ ሮጣ መጣች። «እማዬ! ምን ሆንሽ? ጉልበትሽ ነው?»

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ፣ ዓይኔን በነጠላዬ እየጠረግኩ። ወርጄ ግድግዳ ሳልይዝ እስከ ደጃፌ ሄድኩ። እየሩስ እግሬን እግሬን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ እሱ ሳይክሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ኮፍያው ተጣሞ፣ ጥርስ የጎደለውን አፉን ሳይሸፍን ይስቃል።

«ዳገቱ ላይ አልቆማችሁም?» አለችው።

«አልቆምንም» አለ። ያሁኑ እውነት ነበር።

ልጄ ወደ ውስጥ ገባችና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ስልኳን አወጣች። «ተከራዩ ገና ዕቃውን አላወጣም» አለችኝ። «እዚያው እንዲቆይ ልንገረው።»